ለጠይም ፊት የሚበጀው፦ እርጅናን እናዘገያለን የሚሉ ቅባቶችና ሕክምናዎች ሲፈተሹ

አዲስ አበባ ውስጥ መጠነኛ የኮስሞቲክስ ሱቅ የገባ ሰው ፊትን ወጣት ያደርጋል፣ መሸብሸብን ያጠፋል፣ ማዲያትን ይነቅላል የሚሉ ዕቃዎች ከመደርደሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረው ያገኛል። የሬቲኖል ሴረም፣ የቫይታሚን ሲ ጠብታ፣ የኮላጅን ክሬም፣ የወርቅ ማስክ ይታያል። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ አለ፣ ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ አለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅም አለ። በቴሌግራምና በቲክቶክ ደግሞ ቦቶክስ፣ ፊለርና ሌዘር የሚሠሩ ቤቶች የበፊትና የአሁን ፎቶ እያሳዩ ደንበኛ ይጠራሉ። ገንዘቧን ቋጥራ የመጣች ሴት፣ ዛሬ ዛሬ ወንዱም ጭምር፣ መምረጥ ያለባቸው በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

ከእነዚህ ውስጥ በጥናት የተመሰከረለት የትኛው ነው? ለእኛ ቆዳ፣ ለእኛ ፀሐይና ለእኛ ኪስ የሚስማማውስ? የዚህ ዳሰሳ ድምዳሜ ከወዲሁ ቢነገር ይሻላል። በጠንካራ ጥናት የቆሙት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ውድ አይደሉም። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ትልቁ አደጋ ደግሞ እርጅናው ራሱ ሳይሆን፣ እርጅናንና ማዲያትን ለማጥፋት ብለን ሳናውቅ የምንቀባው ነገር ነው።

ቆዳ የሚያረጀው በምን ምክንያት ነው?

ሁለት ዓይነት እርጅና አለ። አንዱ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ከወጣትነት ጀምሮ በየዓመቱ አንድ በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ደግሞ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰውን ሊያጡ ይችላሉ። ሁለተኛው እርጅና ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከፀሐይ፣ ከሲጋራና ከጭስ። ቻይና ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች በእንጨትና በከሰል የሚያበስሉ ሴቶች ፊት ይበልጥ እንደሚሸበሸብ አሳይተዋል። ጭስ ሞልቶት በዋለ ማድ ቤት ዕድሜዋን ለፈጀች እናት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የፀሐይን ድርሻ ከሁሉ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየው አንድ ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አወጣ። በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ጉንጩ ወፍሮ፣ ተጨማድዶና ተንጠልጥሎ ይታያል። የቀኝ ጉንጩን ብቻ ያየ ሰው ግን ብዙ ዓመት የሚያንሰው ሌላ ሰው ነው ይላል። ሰውየው አንድ፣ ዕድሜው አንድ፤ ልዩነቱ በመስታወት አልፎ የሚገባው ዩቪኤ የሚባለው ጨረር ነው። የሚለበልበውን ዩቪቢን የመኪና መስታወት በአብዛኛው ያስቀረዋል፤ ዩቪኤ ግን አልፎ ወደ ቆዳው ጥልቅ ሽፋን ይደርሳል።

ጥቁር ቆዳ በዚህ በኩል ተፈጥሮ የሰጠው ጋሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በጥቁር ሰዎች የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ የሚያልፈው ዩቪቢ 7.4 በመቶ ሲሆን በነጮች ግን 24 በመቶ ነው። በዚህ የተነሳ የእኛ ፊት የሚሸበሸበው ዘግይቶ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች ልዩነቱን በአሥር ዓመት ገደማ ይገምቱታል። በእኛ ላይ ቀድሞ የሚታየው የእርጅና ምልክት ሌላ ነው፤ ማዲያት፣ ብጉር ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ነጥብ፣ የፊት ቀለም መዘበራረቅ፣ ጉንጭ ላይ የሚበቅሉ ጥቃቅን ጥቁር ኪንታሮት መሰል ነገሮችና ከዓይን በታች ያለው ሥጋ መጉደል። ስለዚህ ለአውሮፓዊት ሴት የግንባር መስመር የተጻፈ ምክር እንዳለ ቢገለበጥ የአዲስ አበባዋን ሴት ጥያቄ አይመልስም።

ጋሻው ግን ሙሉ አይደለም፤ ያለንበት ቦታም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለችም። የጨረር መለኪያው 11 ሲደርስ እጅግ ከፍተኛ ይባላል፤ እዚህ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይህ የተለመደ ነው። ነፋሻው አየር ያታልለናል፤ ሳንሞቅ እንቃጠላለን።

ሳይቃጠል በቅጠል፦ የፀሐይ መከላከያ

ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንድ ብቻ ግዢ ቢባል፣ መልሱ ሰንስክሪን ነው። ይህን የሚያስብለው የአውስትራሊያ ጥናት ነው። ናምቡር በምትባል የኩዊንስላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ዕድሜያቸው ከ55 በታች የሆነ 903 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በየቀኑ ሰንስክሪን እንዲቀቡ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንደፈለጉ ሆኑ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ የሚለካ ተጨማሪ እርጅና አልታየበትም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸርም የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ። ሰውን በዕጣ ከፍሎ፣ ዓመታት ጠብቆ ይህን ያህል ያሳየ የፊት ቅባት ጥናት ማግኘት ከባድ ነው።

ቁጥሮቹን ማወቅ ከማጋነን ያድናል። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከያ ቁጥር 30 የሆነው 97 በመቶ፣ 50 የሆነው 98 በመቶ ዩቪቢ ያስቀራል። 100 የሚል ጽሑፍ ያለበትን በእጥፍ ዋጋ መግዛት ትርፉ ትንሽ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ መጠኑ ይበልጣል፤ ለፊትና ለአንገት በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቀ ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ዕቃው ላይ ከዩቪኤም እንደሚከላከል መጻፉን ማየት አይረሳም።

ማዲያት ላለባት ሴት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዓይን የሚታየው የፀሐይ ብርሃን ራሱ ጠይም ቆዳን እንደሚያጠቁር ጥናቶች አረጋግጠዋል፤ ተራ ሰንስክሪን ደግሞ ይህን ብርሃን አያስቀርም። የሚያስቀረው አይረን ኦክሳይድ የሚባል ቀለም የተጨመረበት፣ ቡናማ መልክ ያለው ሰንስክሪን ነው። እግረ መንገዱንም በብዙ ሰንስክሪን ውስጥ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ጥቁር ፊት ላይ ጥሎት የሚሄደውን አመድማ መልክ ይሸፍናል። ሰንስክሪን ለመግዛት አቅም ያነሳት ሴት ግን ምንም የላትም ማለት አይደለም። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥላና እናቶቻችን ፊታቸው ላይ የሚያጠሉት ነጠላ እውነተኛ መከላከያዎች ናቸው፤ ጊዜያቸውም አያልፍም።

ሌሊቱን የሚጠግነው፦ ሬቲኖይድ

የደረሰውን ጉዳት በከፊል መመለስ ከሚችሉት ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው የሬቲኖይድ ቤተሰብ ነው። አልበርት ክሊግማን የተባለው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ትሬቲኖይን የተባለውን መድኃኒት መጀመሪያ ያጠናው ለብጉር ነበር። በዕድሜ የገፉ ታካሚዎቹ ፊታቸው እንደለሰለሰ ሲነግሩት ነገሩን ተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1986 አሳተመ። በ1988 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለ16 ሳምንት ያካሄዱት ጥናት አረጋገጠው፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤትም በ1995 ለጥቃቅን የፊት መስመሮች ፈቀደው። ትሬቲኖይን አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያነሳሳል፣ ያለውን የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ይገታል፣ የተከማቸውን ጥቁር ቀለምም ያሳሳል።

የዚህን መድኃኒት ታሪክ ስንናገር የተከፈለበትን ዋጋም መናገር ይገባል። ክሊግማን እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 ፊላደልፊያ በሚገኘው የሆልምስበርግ እስር ቤት ባሉ ሰዎች ቆዳ ላይ ሙከራ ሲያካሂድ ኖሯል፤ ከታራሚዎቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፣ የሚደረግባቸውንም በወጉ አልተነገራቸውም። ዩኒቨርሲቲው በ2021፣ የፊላደልፊያ ከተማ ደግሞ በ2022 በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ዛሬ በየመደርደሪያው የምናየው እውቀት በጥቁር ሰዎች ቆዳ ላይ ተፈትኖ ሳለ፣ ማስታወቂያው ለብዙ ዘመን ጥቁር ፊት ሳያሳይ መኖሩ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው።

ሱቅ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው ሬቲኖል ደካማው ወንድም ነው፤ ቆዳ ውስጥ ገብቶ በሁለት ደረጃ ሲለወጥ ነው ትሬቲኖይን የሚሆነው። ሬቲኒል ፓልሚቴት የሚባለው ከዚያም የደከመ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ የፊት ክሬም ውስጥ የሚገባው ሬቲኖል ከ0.3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ከዚያ እጅግ የበለጠ ቁጥር ለጥፎ የሚሸጥ ዕቃ ያጋጠመው ሰው መጠራጠር ይኖርበታል።

አጠቃቀሙ ላይ ጠይም ቆዳ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሬቲኖይድ መጀመሪያ ላይ ያደርቃል፣ ይልጣል፣ ያቆጣል። የተቆጣ ጠይም ቆዳ ደግሞ መልሶ ይጠቁራል፤ ማዲያት ለማጥፋት የገባች ሴት ሌላ ጥቁረት ይዛ ልትወጣ ትችላለች። በመሆኑም በሳምንት በሁለት ሌሊት መጀመር፣ ለመላው ፊት የአንዲት የአተር ፍሬ ታህል ብቻ መውሰድ፣ ከላዩ ወዝ የሚሰጥ ቅባት መደረብ፣ ቆዳው ሲለምድ ብቻ ቀን መጨመር ያስፈልጋል። ለውጡ የሚታየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ጨርሶ አትጠቀምም።

ረዳቶቹ

ቫይታሚን ሲ ቀን ቀን ከሰንስክሪን በታች የሚቀባ ጥሩ ረዳት ነው። ግን በባሕርዩ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ከሚሠራው ኤል-አስኮርቢክ አሲድ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሊይዝ ይገባል፤ ብርሃንና አየር በማያስገባ ጠቆር ያለ ጠርሙስ መቀመጥም አለበት። ፀሐይ በሚገባበት የሱቅ መስኮት ላይ ወራት የቆየ፣ መልኩ እንደ ሻይ የሆነ ሴረም ብርን መጣል ነው።

ኒያሲናማይድ፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ3፣ ለእኛ ቆዳ ከሁሉ የሚስማማው ሊባል ይችላል። ጥቁሩ ቀለም ከሚመረትበት ሕዋስ ወደ ላይኛው ቆዳ መተላለፉን ይቀንሳል፤ 5 በመቶ የያዘ ክሬም ለ12 ሳምንት የተቀቡ ሴቶች ላይ ነጠብጣቦችም ጥቃቅን መስመሮችም ቀንሰው ታይተዋል። ሳያቆጣ መሥራቱና ዋጋው ዝቅተኛ መሆኑ ሲታይ ከሚገባው በታች የሚወራለት ነገር ነው። አዜላይክ አሲድም እንዲሁ ለማዲያትና ብጉር ጥሎት ለሚሄደው ጥቁር ነጥብ ይረዳል፤ በእርግዝና ጊዜ ሐኪሞች ከሚፈቅዷቸው ጥቂቶች አንዱም ነው። ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ የሞተውን የላይኛውን ሽፋን ይልጣሉ፤ ለቤት አገልግሎት ከ10 በመቶ የማይበልጡትን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ መጠቀም ይበቃል፣ ከሬቲኖል ጋር በአንድ ሌሊት አለመደረብ ይመረጣል።

ወዝ መስጠት ግን በገንዘብ አይለካም። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፤ ቫዝሊን ውሃው እንዳይተን ይከድናል፣ በዚህ ረገድም ከእሱ የሚስተካከል የለም። ሃያሉሮኒክ አሲድ ፊትን ለጊዜው ሞላ ያደርጋል እንጂ ኮላጅን አይጨምርም።

ብዙ የሚወራላቸው፣ ጥቂት የሚሠሩ

የኮላጅን ክሬም ስሙ ያማልላል፤ የኮላጅን ቅንጣት ግን ቆዳን ዘልቆ ለመግባት እጅግ ትልቅ ስለሆነ ከላይ ተቀምጦ ከማለስለስ አያልፍም። የሚጠጣውን ኮላጅን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ አገናዝቦ ነበር። በኩባንያ ገንዘብ የተሠሩት ጥሩ ውጤት ሲያሳዩ፣ ከኩባንያ ገንዘብ ነጻ የሆኑት ምንም ለውጥ አላሳዩም። ፔፕታይዶች የሚባሉት የፕሮቲን ቁርጥራጮች ተስፋ አላቸው፣ ማስረጃቸው ግን ገና ቀጭን ነው። የወርቅ ማስክ ከመብለጭለጭ በቀር የሚያሳየው የለም።

ከጓዳችን የሚወጣውም በዚሁ ዓይን ይታይ። እሬትና ማር ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የላቸውም፣ ያለሰልሳሉ። ወይባ ጢስ ሰውነትን ያፍታታል፣ ደስ ይላል፤ መሸብሸብን ይከላከላል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለውም። ሎሚ ግን ፊት ላይ አይደርስም። በሎሚ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ጥሎ ይሄዳል።

የሚያቀሉ ክሬሞች፦ ከሁሉ የከፋው

ብዙ ሴቶች ማዲያት ሲወጣባቸው መጀመሪያ የሚቀርብላቸው የሚያቀላ ክሬም ነው። አንዱን ጥቅል ገልብጦ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ብዙ ያስተምራል። ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ የሚል ከተገኘ፣ ይህ ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ ኃይለኛው ነው፤ ሐኪም ለከባድ የቆዳ በሽታ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ያውም በአብዛኛው ከፊት ሌላ ባለ ቦታ የሚያዘው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ሰውም ያደንቃል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ያፈላል። ለማቆም ሲሞከር ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ሴትየዋም ለማስታገስ ወደዚያው ቱቦ ትመለሳለች። ወጣት ያደርጋል ተብሎ የተገዛው ነገር ቆዳን የሚያስረጀው እንዲህ ነው።

ሃይድሮኪኖን ሌላው ነው። በሐኪም ክትትል ለጥቂት ወራት ሲሰጥ ማዲያትን ያክማል፤ ራሱ ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1975 ሃይድሮኪኖንን፣ ትሬቲኖይንንና ስቴሮይድን ቀላቅሎ ያወጣው ቀመር የዛሬዎቹ የማዲያት መድኃኒቶች መነሻ ነው። ያለ ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ግን ኦክሮኖሲስ የሚባል ሰማያዊ መሰል ጥቁረት ያመጣል፤ ይህን ማስለቀቅ እጅግ ከባድ ነው። በ1975 በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሴቶች ላይ ከታየ በኋላ አገሪቱ በ1990 ከመዋቢያዎች ውስጥ አገደችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 እንዲሁ። በአንዳንድ የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከምትቀባው ሴት አልፎ አብረዋት ለሚተኙት ልጆችም ይተርፋል። የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ ለመከልከል ዓለምን ያስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ወይም በላስቲክ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን "ምክስ" ማንም፣ በምንም ዋጋ፣ ፊቱ ላይ ማድረግ የለበትም።

መርፌና ሌዘር

ቦቶክስ ለውበት መዋል የጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ቫንኩቨር ውስጥ ጂን ካራዘርስ የተባሉ የዓይን ሐኪም ለዓይን ሽፋን መንቀጥቀጥ መርፌ ሲሰጧት የነበረች ታካሚ የቅንድቦቿ መሃል መስመር እንደጠፋ አስተዋሉ። ከባለቤታቸው ከቆዳ ሐኪሙ ከአላስቴር ካራዘርስ ጋር ጥናታቸውን በ1992 አሳተሙ፤ አሜሪካም በ2002 ለመዋቢያነት ፈቀደችው። በሠለጠነ እጅ የሚሠራ፣ ከሦስት እስከ አራት ወር የሚቆይ፣ የቆዳ ቀለም የማይለይ ሕክምና ነው። የሚጠቅመው ግን ፊት ሲንቀሳቀስ ለሚፈጠር መስመር ብቻ ነው፤ ማዲያትን አይነካም። ፊለር የጎደለውን ሥጋ ይሞላል። አደጋው መርፌው ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን መግደል፣ አልፎ ተርፎም ዓይንን ማጥፋት መቻሉ ነው። ስለዚህ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራን ፊለር የሚያሟሟው ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ መድኃኒት በእጁ የሌለ ሰው ፊለር መውጋት አይገባውም።

ሌዘር ላይ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተስተካከሉት ለነጭ ቆዳ ነው፤ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ጨረሩን ስለሚውጠው ቃጠሎ፣ ጥቁር ምልክት ወይም የማይመለስ ነጭ ቦታ ሊቀር ይችላል። የሞገድ ርዝመቱ 1,064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ-ያግ ሌዘር ከሌሎቹ ይሻላል። ጠይም ፊት ላይ ስንቱን ሠርተሃል ብሎ ባለሙያውን መጠየቅ መብት ነው። በጥቃቅን መርፌ ቆዳን የመውጋት ሕክምና ለጥቁር ቆዳ የተሻለ አማራጭ ነው፤ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ግን አደጋው ከቆዳ ያልፋል። በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ያለ ፈቃድ ይሠራ በነበረ አንድ የውበት ቤት፣ ደማቸው ተወስዶ ፊታቸው ላይ በተወጉ ደንበኞች ዘንድ ኤችአይቪ መተላለፉን የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2024 አስታውቋል። ጠባሳው ተቆጥቶ የሚያብጥበት ሰው ደግሞ ማናቸውንም ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ታዲያ ምን እንግዛ?

ምርጫው በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ የሚጎዳውን ማቆም ይቀድማል፤ የሚያቀላውን ክሬም፣ ሎሚውን፣ ሲጋራውን። ስቴሮይድ ለብዙ ጊዜ የተቀባች ሴት ግን በአንድ ቀን አትጣለው፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዳ በሥርዓት ታቁም። ሁለተኛው ሰንስክሪንና ጥላ ነው። ሦስተኛው ቀላል ወዝ ሰጪና ኒያሲናማይድ። አራተኛው፣ እነዚህ ከተለመዱ በኋላ፣ ሌሊት ሌሊት ሬቲኖይድ። ገንዘብ ከተረፈ ቫይታሚን ሲ ይጨመር። ከዚህ አልፎ መርፌና ሌዘር የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም ሐኪም ዘንድ እንጂ ሳሎን ውስጥ አይደለም። አዲስ ነገር ሲጀመር አንድ በአንድ ይሁን፤ መጀመሪያም ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ለጥቂት ቀን ይሞከር።

ለአንድ ማሰሮ የወርቅ ክሬም የሚወጣው ገንዘብ የቆዳ ሐኪም አንድ ጊዜ ለማየትና የብዙ ወር ሰንስክሪን ለመግዛት ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አለርትን የመሰሉ የመንግሥት ሆስፒታሎች የቆዳ ሐኪሞች አሏቸው። ማዲያቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ለአምስት የተለያዩ ክሬሞች ከመክፈል፣ አንድ ጊዜ አስመርምሮ የሚሆነውን አንዱን መያዝ ይረክሳል። ሻጮቻችንም የሚሸጡትን ይዘት አንብበው ይሽጡ፤ ከውጭ የሚልኩልን ዘመዶቻችንም ከሚያቀላው ክሬም ይልቅ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይላኩልን። ጠይምነታችን ራሱ ፀሐይን የሚከላከል ሀብት ነው፤ ጥሩ ቅባት የሚባለውም ይህን ሀብት ጠብቆ የሚያቆየው ነው።